የአሞራ ገደሉ ጦጣና የአርቤጎናው ጦጣ አንድ ናቸው ወይ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ቤተሰቦቼ ግን ሲዳማ ደጋ፣ አርቤጎና ናቸው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የማየው ጦጣና እኛ ሀገር ቀርከሃ ውስጥ ያለው ጦጣ መልካቸው ለየቅል ነው። የእኛው ቡናማ፣ ፀጉሩ የበዛ፣ ሰው ሲያይ የሚሸሽ ነው። ታላቅ ወንድሜ ‹አንድ ናቸው፣ ብርዱ ነው መልኩን የለወጠው› ይላል። ጎረቤታችን ደግሞ ‹የተዳቀለ ነው› ይላል። አንድ ጊዜ ተመራማሪዎች መጥተው የጦጣ ዓይነ ምድር በብልቃጥ ሲለቅሙ ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ። እውነት ከዚያ ዘር ይታወቃል? ቢታወቅስ ድንቻችንን ለሚጨርስ ጦጣ ምን ይፈይዳል? እኔም በባዮሎጂ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ስለሆነ፣ ይህ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ ብለህ አራት ነው የላክኸው። አንድ በአንድ እሄድበታለሁ። ድንቹንም አልረሳሁትም፤ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ የትኛው እንስሳ እንደምናወራ እንግባባ። አሞራ ገደል ዛፍ ላይ የሚታየው ጥቁርና ነጩ ጉሬዛ ነው፤ እሱን እንተወው። አንተ የምትለው መሬት ወርዶ ከጎብኚ እጅ ሙዝ የሚነጥቀውን ነው። በሚቀጥለው እሑድ ዓሣ ልትበላ ስትሄድ ፊት ለፊት እየው። ፊቱ ጥቁር ነው። ከዓይኑ በላይ ግንባሩን አቋርጦ የሚያልፍ ነጭ መስመር አለው። የጉንጩ ፀጉር ነጭና ረጅም ሆኖ ወደ ኋላ ይተኛል። ጀርባው አመድማ ሆኖ ትንሽ አረንጓዴነት ይነካካዋል። በሳይንሱ ግሪቬት ይባላል። ወደ ደቡብ ስትወርድ ቨርቬት የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው። በስምጥ ሸለቆው አካባቢ የሁለቱ ድንበር ደብዛዛ ስለሆነ፣ መጽሐፍ ላይ እንደሚሳለው ጥርት ያለ መልክ ሁልጊዜ አታገኝም።

የአርቤጎናው እንደገለጽከው ከሆነ የባሌ ጦጣ ነው፤ ወይም የእሱ ደም ያለበት ነው። ጀርባው ጥቁር ቡናማ፣ ፀጉሩ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ግንባሩ ላይ ያ ጎልቶ የሚታይ ነጭ መስመር የለውም። የጉንጩ ፀጉር አጭር ነው፤ አገጩ ላይ ግን ነጭ ጢም አለው። ለሳይንስ ያስመዘገበው ኦስካር ኑማን የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902። ሳይንሳዊ ስሙን ያወጣለት ከአባያ ሐይቅ በስተምሥራቅ ካለው የጀምጀም ደጋ ተነሥቶ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ዘመን ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። በዓለም አቀፉ የዝርያዎች መዝገብ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብሎ ተመዝግቧል። ቤታችሁ አጠገብ የሚያንጎራጉረው ጦጣ ይህ ነው እንግዲህ።

ወንድምህ ስለ ብርዱ የተናገረው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ጊዜውን ነው ያሳጠረው። ብርድ መልክ ይለውጣል፤ ግን በአንድ ጦጣ ዕድሜ አይደለም። ደጋ ላይ ያደገ ጦጣ ፀጉሩ ወፈር ሊል ይችላል። የግንባር መስመር ግን በብርድ አይጠፋም። ግሪቬት እኮ ከቆላ እስከ ደጋ ይኖራል፤ ጎንደርም አዲስ አበባ ዙሪያም አለ። እዚያም ብርድ አለ፣ ነጩ ግንባርም አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመጣው በብዙ ሺህ ትውልድ ነው፤ ያውም ከብርዱ ይልቅ ምግቡ ሳይብስ አልቀረም።

ስለ ምግቡ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚያ ነው። የባሌ ጦጣ የቀርከሃ እንስሳ ነው። በባሌ በኩል ኦዶቡሉ በሚባለው ጫካ ተመራማሪው አዲሱ መኮንንና ባልደረቦቹ ያጠኑትና እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ሥራ አለ። እንስሳቱ ከበሉት ውስጥ 77 በመቶ ገደማው ቀርከሃ ነበር፤ በአብዛኛውም ለጋ ቅጠሉ። በጥናቱ ጊዜ የበሉት የተክል ዓይነት በጠቅላላው 11 ብቻ ነው። ዝንጀሮ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ግሪቬትም እንደዚያው ነው። ይህኛው ግን አንድ ተክል ላይ ተጣብቆ የቀረ ነው። የሚኖረውም ከ2,400 እስከ 3,250 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ስለዚህ ሁለቱ ጦጣዎች ጎረቤት ሆነውም ለረጅም ጊዜ እምብዛም አይገናኙም ነበር። በመሃላቸው የነበረው አጥር ቀርከሃው ነው።

«77 በመቶ» የሚለው ቁጥር እንዴት እንደሚገኝ ልንገርህ፤ ሥራውን ማወቅ እፈልጋለሁ ብለሃልና። መጀመሪያ መንጋው ሰው እንዲለምድ ይደረጋል። ይህ ወራት ይፈጃል። በየቀኑ ትሄዳለህ፤ ይሸሹሃል፤ በነጋታው ትመለሳለህ። አንድ ቀን ከቁብ ሳይቆጥሩህ መብላት ይቀጥላሉ። ከዚያ በኋላ ከጠዋት እስከ ማታ ትከተላቸዋለህ፤ በየ15 ደቂቃው እያንዳንዱ የሚታይ ጦጣ ምን እያደረገ እንደሆነ ትመዘግባለህ። ይበላል? ምኑን? ለጋ ቅጠል ነው ያረጀ? ግንዱን ነው ቡቃያውን? ዝናብ ይሁን ጉም ይሁን መዝገቡ አይቆምም። ሲዳማ ደጋ ላይ ጉሙ እንዴት እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። ብዙ ተማሪ ይህ ሥራ ካሜራ አንግቶ መዞር ይመስለዋል፤ አብዛኛው ቀን ግን እርጥብ ጫማና እርጥብ ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ጎረቤታችሁ ልሂድ። እሱም ልክ ሊሆን ይችላል።

ቀርከሃ ለሲዳማ ሰው ቤት ነው፣ አጥር ነው፣ ገንዘብም ነው። ሐዋሳ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ወንበርና አልጋ ታውቀዋለህ። የሰው ቁጥር ሲጨምር ጫካው ገብስ፣ ድንችና ግጦሽ ሆነ። የተረፈው እዚህ ኮረብታ ላይ ቁራጭ፣ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ቁራጭ ነው። በዚህ ላይ የደጋ ቀርከሃ ብዙ ዓመት ቆይቶ በአንድነት ሲያብብ በጅምላ ይደርቃል። ሰፊ ጫካ ከሆነ ጦጣው ወደ ሌላው ጥግ ይሄዳል። ቁራጭ ከሆነ የት ይሄዳል? ወደ ማሳ ይወርዳል። ክፍት ቦታና ማሳ የለመደው ግሪቬት ደግሞ እርሻውን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። አጥሩ ፈረሰ ማለት ነው። በጦጣ ማኅበር ሴቷ በተወለደችበት መንጋ ትቀራለች፤ ወንዱ ሲጎረምስ ወጥቶ ሌላ መንጋ ይፈልጋል። የራሱን ዓይነት መንጋ ሲያጣ የሚሆነውን መገመት አያቅትህም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በደቡቡ ደጋ በተበጣጠሱ ጫካዎች ውስጥ ከዚያ በፊት ያልተመዘገቡ የባሌ ጦጣ መንጋዎች እንዳሉ ይፋ አደረገ። ሰብል እንደሚበሉና ከግሪቬት ጋር እንደሚዳቀሉ የሚያሳይ ማስረጃም አብሮ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ እነ አዲሱ የዘረመሉን ውጤት አወጡ። እንዲህ የሚል ነው፦ የባሌው ያልተቆራረጠ ጫካ ጦጣዎች አንድ ወገን፣ የእናንተው በኩል የተበጣጠሰው ጫካ ጦጣዎች ሌላ ወገን ናቸው። የሚገርመው፣ የእናንተው በኩል ያሉት በእናት መስመር ሲታዩ ከባሌዎቹ ይልቅ ለግሪቬትና ለቨርቬት ይቀርባሉ። መልካቸውም መሃል ላይ ያለ የሚመስል አለ። ስለዚህ ወንድምህና ጎረቤታችሁ ሲከራከሩ ጎረቤታችሁ ትንሽ ነጥብ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ የተነበበው ከዓይነ ምድር ነው። ሰፈሩ ቢስቅ አይፈረድበትም፤ እኛም እንስቃለን። ግን አማራጩን አስበው። ጦጣ ይዞ ደም ለመውሰድ በማደንዘዣ መውጋት ያስፈልጋል። ከቀርከሃ ጫፍ ተደንዝዞ ቢወድቅ ይሰበራል። መንጋው ይበረግጋል፤ ወራት የፈጀው ማላመድ ገደል ይገባል። ዓይነ ምድር ግን እንስሳው ራሱ ትቶልህ የሚሄደው ነገር ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። እንስሳው ከቦታው እስኪርቅ ትጠብቃለህ። ጓንት ታደርጋለህ። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ አንዱ ጤናህ ነው፣ የጦጣ የሆድ ትል ወደ ሰው ይተላለፋል። ሌላው አንተ ራስህ ነህ። ሰውና ጦጣ ዘረመላቸው ስለሚቀራረብ፣ ከእጅህ የረገፈች ትንሽ ቆዳ ላብራቶሪ ውስጥ ጦጣ መስላ ልትነበብ ትችላለች። ከዚያ በንጹሕ እንጨት ከላይ ከላዩ ትፍቃለህ። መሃሉን አትነካም፤ መሃሉ የተፈጨ ቅጠል ነው። የምንፈልገው ዓይነ ምድሩ ሲወጣ ከአንጀት ግድግዳ ላይ ጠርጎ ይዞት የመጣውን የእንስሳውን ሕዋስ ነው። እሱ ያለው ላዩ ላይ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ስስ ንፍጥ መስሎ ይታያል። ዝናብ ከመታው ይታጠባል፣ ፀሐይ ከመታው ይበላሻል። ስለዚህ ትኩስ ነው የሚፈለገው።

የተፋቀው አልኮል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ አልኮሉ ተደፍቶ ናሙናው ወደ ሲሊካ ጄል ይዛወራል። አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የምታገኛት «አትብሉ» የሚል የተጻፈባት ከረጢት ውስጥ ያለው ፍሬ ማለት ነው። ውሃውን ይመጥጣል፤ ናሙናው ይደርቃል፤ ፍሪጅ ሳያስፈልገው ይቆያል። ይህ እንደ እኛ መብራት በሚጠፋበት ሀገር ትልቅ ነገር ነው። ብልቃጡ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የመንጋው ስምና የጂፒኤስ ነጥቡ በእርሳስ ይጻፋል። በእስክሪብቶ ከተጻፈ አልኮል ሲነካው ይሰረዛል። ያለ ምልክት የቀረ ናሙና ከቆሻሻ አይለይም።

ላብራቶሪ ውስጥ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። ዲኤንኤው ከቆሻሻው ይለያል፤ ፒሲአር በሚባለው የማባዣ ዘዴ ይባዛል፤ ፊደሉ ይነበባል። ከቅጠል የሚመጣ ኬሚካል ፒሲአሩን ስለሚያስተጓጉል ከናሙናው ጥቂት የማይባለው ሳይነበብ ይቀራል። ከእያንዳንዱ ዙር ጋር ምንም ናሙና ያልተጨመረበት ባዶ ቱቦ አብሮ ይሄዳል። ባዶው ቱቦ «ጦጣ ነኝ» ካለ የዚያ ቀን ሥራ በሙሉ ይጣላል። ኪቱና ኬሚካሉ በውጭ ምንዛሪ ስለሚገዛ፣ ያን ቀን ላብራቶሪው ውስጥ የሚስቅ ሰው የለም።

አሁን ዋናውን ጥንቃቄ ልንገርህ። «በእናት መስመር» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓይነ ምድር በቀላሉ የሚገኘው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ነው፤ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ብዙ ቅጂ አለውና። እሱ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። የእናት፣ የእናት እናት፣ እንዲያ እያለ ወደ ኋላ የሚሄድ አንድ መስመር ነው። የቀሩት ቅድመ አያቶች ሁሉ እዚያ ውስጥ የሉም። አንድ ጦጣ በእናት መስመሩ ግሪቬት ሆኖ፣ የቀረው ደሙ ግን በአብዛኛው የባሌ ጦጣ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ጥሩ ማሳያ ቀይ ቀበሮ ነው። ባሌ ውስጥ በዌብ ሸለቆ ቀይ ቀበሮ ከሰው ውሻ ጋር መዳቀሉ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ የዘረመል ጥናት ታወቀ። የተዳቀሉት ወንድ ውሻና ሴት ቀበሮ ነበሩ። የእናት መስመሩን ብቻ ብታይ ኖሮ ድቅሉ ንጹሕ ቀይ ቀበሮ ይመስልሃል። ነገሩ የተጋለጠው ከአባትም ከእናትም የሚወረሰው የኒውክለስ ዲኤንኤ ሲታይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው አንድ የዘረመል ውጤት ይዞ መጥቶ «ይሄ ንጹሕ ነው፣ ያ ድቅል ነው» ብሎ ሲቆርጥ፣ የትኛውን ዲኤንኤ እንዳየ ጠይቀው። የእናንተ አካባቢ ጦጣም ታሪኩ የቅርብ ጊዜ መዳቀል ብቻ አይመስለኝም። የቆየ፣ ከእርሻውም በፊት የነበረ መገናኘት ይኖርበታል ብዬ አስባለሁ። ግሪቬትና ዘመዶቹ በረጅም ታሪካቸው ደጋግመው የተደባለቁ እንስሳት ናቸው።

ምን ይፈይዳል ላልከው፣ ዘረመል ድንች አይጠብቅም። ቁርጡን ልንገርህ ብዬ ነው። ጦጣው ንጹሕ ሆነ ድቅል ሆነ ድንቹ ያው ድንች ነው። «ጦጣ ባለቤቱን ታስወጣ» የተባለው በከንቱ አይደለም። ውጤቱ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ኮረብታ ላይ አንድ መንጋ ብቻ ከቀረ፣ ዙሪያውን ማሳና ውሻ ስለከበበው ወንዱ ወጥቶ ሌላ መንጋ መድረስ አይችልም። እህትና ወንድም፣ አባትና ልጅ ይዋለዳሉ። የትኛው ኮረብታ ከየትኛው ጋር እንደተቆራረጠ በዓይን አይታይም፤ በዘረመል ይታያል። ያ ሲታወቅ የወንዝ ዳር ቀርከሃ የት የት ቢተከል ሁለቱን ኮረብታ እንደሚያገናኝ መናገር ይቻላል። ቀርከሃው ደግሞ ለገበሬው ራሱ ገንዘብ ነው። ሌላም አለ፦ የአንዱን አካባቢ ጦጣ ወስዶ ሌላው ጋ መልቀቅ የሚባል ሐሳብ አልፎ አልፎ ይነሣል። ወገኑ ሳይታወቅ ይህን ማድረግ የባሌውን መስመር ማበላሸት ነው።

አንዳንድ ሰው ድቅል ከሆነማ ምን ያስጠብቀዋል ይላል። እኔ አልስማማም። እነዚህ መንጋዎች ቀርከሃ ባለቀበት ቦታ መኖር የቻሉ ናቸው፤ ያ ችሎታ ከየት እንደመጣ ገና የምናጠናው ነገር ነው።

ለድንቹ የማውቀው የድሮውን ነው። ጫካው ጠርዝ ላይ ድንችና ገብስ አትዝሩ፤ ጦጣ የማይወደውን አስቀድሙ፤ ሰብሉ በሚደርስባቸው ሳምንታት ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ከጎረቤት በተራ ጠብቁ። ውሻ መልቀቁን አልመክርም፤ ግልገሎቹን ይፈጃል፣ በሽታም ያመላልሳል። አሞራ ገደል ላይ ሙዝና ቂጣ መስጠትም ያው ነው። ከሰው እጅ የለመደ ጦጣ ከማሳ አይመለስም።

ስለ ሥራው፦ ሐዋሳ መሆንህ ጥሩ ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ቅርብህ ነው። ሲዳምኛ መቻልህን ቀላል አድርገህ አትየው፤ ከውጭ የሚመጣ ተመራማሪ መጀመሪያ የሚፈልገው ጫካውንም ሰዉንም የሚያውቅ ረዳት ነው። ብዙዎቻችን የጀመርነው ቦርሳ በመሸከምና መዝገብ በመያዝ ነው። እስከዚያው አር የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራምና ካርታ የሚሠራበትን ሶፍትዌር ኮምፒውተርህ ላይ ጫንና ተለማመድ፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ላብራቶሪው በኋላ ይደርሳል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህን አንብበህ ብልቃጥ ይዘህ ጫካ እንዳትገባ። ለምርምር ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ዘረመል ያለበት ናሙና ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ይገዛል፤ በተለይ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሳያውቀው አይንቀሳቀስም። ፎቶ ግን ማንም አይከለክልህም። ለፍቼ ጫምባላላ ቤተሰብ ልትጠይቅ ስትሄድ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ከጀርባህ ስትሆን፣ ፊቱን ከፊት ለፊት አንሣው። ግንባሩ፣ ጉንጩና ጢሙ ይታይ። ሌላ አንድ ፎቶ ከጀርባው። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ስንት እንደነበሩና ምን ሲበሉ እንዳገኘሃቸው ጻፍና ላክልኝ። ወንድምህንም ጠይቀው፦ ነጭ ግንባር ያለው ጦጣ አርቤጎና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው መቼ ነው?